ለልጄ ብዬ የገዛኋት ሞተር

ከቤት ርቀው የሚኖሩ ቤተሰቦች ትንሽ ሞተር ሳይክል ወይም ስኩተር ሲመርጡ ምን ማየት አለባቸው? ከአሶሳ የአንዲት እናት ልምድ

አምና ጥቅምት መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ላለችው እናቴ ደውዬ "ሞተር ልገዛ ነው" አልኳት። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "እማዬ?" ስል "አለሁ" አለችኝ። ከዚያ "አንቺ የልጅ እናት አይደለሽም እንዴ?" ብላ ስልኩን ለአባቴ አቀበለችው። አባቴም "እናትሽ ያለችሽን ስሚ" ብሎ ዘጋው።

እኔ ግን ሞተር ለመግዛት የተነሳሁት የልጅ እናት ስለሆንኩ ነበር። ባለቤቴ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ላይ የሚሠራ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። እኔ ደግሞ የባንክ ማርኬቲንግ ኦፊሰር ነኝ። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ መሥሪያ ቤቴ ለአሶሳ ክፍት የሥራ ቦታ ሲያወጣ "ቢያንስ አንድ ክልል ውስጥ እንሁን" ተባብለን ልጃችንን ይዤ መጣሁ። ግድቡ ያለው መተከል ዞን ጉባ ወረዳ ውስጥ ነው። አንድ ክልል ማለት ጎረቤት ማለት እንዳልሆነ የገባኝ ከመጣሁ በኋላ ነው። ባለቤቴ ቤት የሚመጣው ፈረቃው ሲፈቅድለት ብቻ ስለሆነ፣ በቀሩት ቀናት ልጄን ትምህርት ቤት የማደርሰውም የምመልሰውም እኔው ነኝ።

የአምስት ዓመት ልጅ ይዞ በየጠዋቱ ባጃጅ መጠበቅ ምን ማለት እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል። ዝናብ ሲጥል ባጃጆቹ አይገኙም፤ ቤንዚን ሲጠፋ ደግሞ ማደያ በር ላይ ይሰለፋሉ። አንድ የመስከረም ጠዋት ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል በእግራችን ሄደን፣ የልጄ አንድ ጫማ ጭቃ ውስጥ ቀርቶ፣ እኔም ስብሰባ ላይ አርፍጄ ከገባሁ በኋላ በቃኝ አልኩ። መኪና ለመግዛት አቅማችን አይፈቅድም ነበር። ትንሽ ሞተር ግን እንችላለን።

ይህን የምጽፈው በሥራ ምክንያት ከቤታቸው ርቀው የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ተመሳሳይ ጥያቄ ውስጥ እንደሚገቡ ስለማውቅ ነው። ጋምቤላም ይሁን ሰመራ፣ ጁባም ይሁን ካምፓላ፣ አዲስ ሰው የሆኑበት ከተማ ውስጥ ሞተር መምረጥ ያደጉበት ሰፈር ውስጥ እንደመምረጥ አይደለም። መንገዱን አያውቁትም፤ መካኒኩን አያውቁትም፤ ሲወድቁ የሚደውሉለት ሰውም ቅርብ አይደለም።

ከሞተሩ በፊት መንገዱን ይዩ

በመጀመሪያ ልቤ ያረፈው ስኩተር ላይ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ስኩተር ፍሪሲዮን መያዝና ማርሽ መቀያየር አይፈልግም፤ ነዳጅ ከሰጡት ይሄዳል፣ ፍሬን ከያዙት ይቆማል። ከፊት እግር የሚያርፍበት ወለል ስላለው በቀሚስ ይነዳል፤ ከመቀመጫው ሥር ደግሞ የእጅ ቦርሳ የሚይዝ ሳጥን አለው። ይህ ሐሳብ ዛሬ የመጣ አይደለም። ጣሊያኖች በ1946 እ.ኤ.አ. ቬስፓን ሲሠሩ፣ ጃፓኖችም በ1958 እ.ኤ.አ. ሆንዳ ሱፐር ከብን ሲያወጡ፣ ሁለቱም ያሰቡት እግሩን ሳያነሳና ልብሱን ሳያቆሽሽ ተሳፍሮ ወደ ሥራው ስለሚሄድ ሰው ነበር። ሱፐር ከብ በ2017 እ.ኤ.አ. ከተመረቱት ብዛት 100 ሚሊዮን አልፏል። የዓለም ቤተሰብ በትንሽ ሞተር ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ ከዚህ በላይ ምስክር የለም።

አሶሳ ውስጥ ሞተር የሚጠግን አንድ ወጣት መካኒክ ጋ ሄጄ የምፈልገውን ስኩተር ፎቶ አሳየሁት። ፎቶውን በደንብ ሳያየው "እህቴ፣ የት የት ነው የምትሄጂበት?" አለኝ። ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቢሮ፣ አንዳንዴ ለሥራ ባምባሲ። "ከቤትሽ እስከ አስፋልቱስ?" አለኝ። ቀዩ አፈር ነዋ!

ከዚያ ሁለት ጎማዎች ጎን ለጎን አቁሞ አሳየኝ። አብዛኞቹ ስኩተሮች ጎማቸው 10 ወይም 12 ኢንች ነው። እንደ ቦክሰር ያሉት ሞተሮች ግን 17 ኢንች ጎማ አላቸው። ትንሽ ጎማ ጉድጓድ ሲያገኝ ውስጡ ይገባል፤ ትልቁ ይሻገረዋል። አስፋልት ላይ ልዩነቱ አይታወቅም። ኮብልስቶን ላይ ወገብ ያውቀዋል። አሶሳን በመሰለ፣ ዝናቡ ከግንቦት ገደማ ጀምሮ እስከ ጥቅምት በሚቆይበት አገር፣ እርጥብ ቀይ አፈር ላይ ግን ልዩነቱ መቆምና መውደቅ ነው። በዚያ ላይ ጭቃው ጎማውና ፓራፋንጎው መሀል እየተጠቀጠቀ ትንሿን ጎማ ጨርሶ ያስቆማታል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ይህ ነው፤ ሱቅ ከመግባትዎ በፊት በሳምንት ውስጥ የሚሄዱባቸውን መንገዶች በወረቀት ላይ ይጻፉ። ከዚያ የመንገዱን አማካይ ሳይሆን የመጨረሻውን መጥፎ 500 ሜትር፣ ያውም በሐምሌ ምን እንደሚመስል ያስቡ። ቤትዎ፣ ቢሮዎና ገበያዎ ሁሉም አስፋልት ዳር ከሆኑ ስኩተር ይግዙ፤ ይወዱታል። የእኔው 500 ሜትር ግን ስኩተሩን አስቀረው።

መካኒኩ የሚያውቀውን ይግዙ

ማርኬቲንግ የተማረ ሰው "ብራንድ" የሚለውን ቃል ይወዳል። የሞተር ብራንድ ዋጋው የሚታወቀው ግን ማስታወቂያው ላይ ሳይሆን መለዋወጫ ቤት ውስጥ ነው። ቀላል ፈተና አለ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሻይ ይዘው ሰው የሚበዛበት መንገድ ዳር ይቀመጡና የሚያልፉትን ሞተሮች ስም ይቁጠሩ። እኔ ስቆጥር ያየሁት አብዛኛው ባጃጅ ቦክሰርና ቲ.ቪ.ኤስ. ነበር፤ ሌላው በጣት የሚቆጠር ነው። ካምፓላ የሚኖር የአጎቴ ልጅም ስደውልለት "እዚህ ቦዳ ቦዳ የሚነዳው ሁሉ ቦክሰር ነው፤ ካንዴላ ቢበላሽ ከጎረቤት ትበደሪያለሽ" ብሎኛል።

ብዙ ሰው የያዘው ሞተር ሁሌም ምርጡ ላይሆን ይችላል። ነገር ግን ሰንሰለቱ፣ የፍሬን ሸራው፣ የፍሪሲዮን ገመዱ በየሱቁ ይገኛል፤ ጎሚስታው ጎማውን ሳይታገል ያወልቀዋል፤ ሊሸጡት ሲፈልጉም ገዢ አያጡም። በስኩተሮቹ ላይ የሰንሰለቱን ሥራ የሚሠራው ቀበቶ ነው። ቀበቶው የተበጠሰ ቀን ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ስኩተሩ ግቢ ውስጥ ይቆማል።

በግብርና ጽሕፈት ቤቶችና በእርዳታ ድርጅቶች ግቢ የምናየው ያማሃ ኤ.ጂ. 100 ለገጠር መንገድ ተብሎ የተሠራ ጠንካራ ሞተር ነው። ያገለገለ ሲሸጥም ዓይን ይስባል። ባለ ሁለት ምት ሞተር ስለሆነ ግን ከቤንዚኑ ጋር የሚቃጠል የራሱ ዘይት ይፈልጋል፤ ዘይቱን የዘነጋ ሰው ሞተሩን ያቃጥላል። ለጀማሪ ባለ አራት ምት ሞተር ይቀላል።

የነዳጁንም ነገር ያስቡ። ማደያ ሲደርቅ መንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የሚሸጠው ቤንዚን ምን እንደተቀላቀለበት አይታወቅም። ባለ ካርቡሬተር ሞተር ቆሻሻ ነዳጅ ቢገባበት የትኛውም መካኒክ ፈትቶ ያጥበዋል። በኮምፒውተር ነዳጅ የሚረጨው ዘመናዊው ዓይነት ቁጠባው የተሻለ ቢሆንም ሲታመም ሐኪሙ በየቦታው አይገኝም።

ኤሌክትሪኩስ?

ባለቤቴ የፈለገው ኤሌክትሪክ ነበር። "እኔ መብራት እያመነጨሁ ሚስቴ ቤንዚን ስትለምን!" እያለ ይስቃል። ቀልድ ብቻም አልነበረም። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ የተጣለውና ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። መንግሥትም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ አግዷል። ወዴት እየሄድን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ጥያቄው ግን "ዛሬ እኔ ሰፈር ይሠራል ወይ?" የሚል ነው። ከግድቡ የሚወጣው ኃይል በ500 ኪሎ ቮልት መስመር በዴዴሳ አድርጎ ወደ ሆለታ ይጓዛል፤ ለየከተማው የሚደርሰው ከማከፋፈያ ጣቢያ በኋላ ነው። ባለቤቴ ራሱ እንዳስረዳኝ፣ ለግድብ ቅርብ መሆን ንፋስ የጣለውን የሰፈር ምሰሶ አያቆመውም። ማታ መብራት ጠፍቶ ካደረ ጠዋት የሚነዳ ሞተር የለም። በኪጋሊ የኤሌክትሪክ ሞተሮች የተስፋፉት የደከመ ባትሪ አስረክቦ የተሞላ ይዞ የሚሄዱበት ጣቢያ ስላለ ነው። እኔ ያለሁበት ቦታ ያ የለም።

መብራቱ አስተማማኝ የሆነበት ከተማ የሚኖሩ ከሆነ ግን ኤሌክትሪክ ጥሩ ምርጫ ነው። ዘይት የለው፣ ካንዴላ የለው፣ ሰልፍ የለው። ሲገዙ ሻጩ የሚነግርዎትን ኪሎ ሜትር አይመኑ፤ ራስዎ ያስሉት። የባትሪው ቮልት በአምፔር ሰዓቱ ሲባዛ የያዘውን ኃይል ይሰጣል። 60 ቮልት በ20 አምፔር ሰዓት 1,200 ዋት ሰዓት ነው። ትንሽ ስኩተር በኪሎ ሜትር ከ25 እስከ 40 ዋት ሰዓት ገደማ ስለሚበላ፣ ይህ ባትሪ ከ30 እስከ 48 ኪሎ ሜትር ያስኬዳል ማለት ነው። ዳገትና ተሳፋሪ ሲጨመር ከዚህ ይቀንሳል። ባትሪው ሊቲየም ነው ወይስ እንደ መኪና ባትሪ የእርሳስ? የእርሳሱ ርካሽ ቢሆንም ከባድ ነው፤ ቶሎም ይደክማል።

ወደ አዲስ አበባ የመመለስ ሐሳብ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር እንዳትዘነጉ። የከተማ አስተዳደሩ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሞተር እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ጥሏል፤ ፈቃድም ይጠይቃል። ወደዚያ ይዤው እገባለሁ ብላችሁ ከመግዛታችሁ በፊት የወቅቱን ደንብ አጣሩ።

የቁመትና የወረቀት ጉዳይ

በመጨረሻ የወሰንኩት ባለ 100 ሲ.ሲ. ቦክሰር ነበር። 150ውም ነበረ፤ ግን ተቀምጬበት ሳየው ክብደቱን አልወደድኩትም። ከተማ ውስጥ ለሚነዳና አልፎ አልፎ ባምባሲ ድረስ 45 ኪሎ ሜትር ያህል በአስፋልት ለሚሄድ አንድ ሰው ከ100 እስከ 125 ሲ.ሲ. ይበቃል። መመዘኛው ቀላል ነው። ሲቀመጡ የሁለቱም እግሮችዎ መዳፍ መሬት ይንካ፤ ሞተሩ በጎኑ ተኝቶ ብቻዎን ያንሱት። ማንሳት ካልቻሉ አይግዙት፤ አንድ ቀን ማንሳትዎ አይቀርምና። በቁልፍ ብቻ ሳይሆን በእግር ተመትቶም የሚነሳ ይሁን፤ ባትሪ የሚደክመው ሁልጊዜ ጠዋት ላይ ነው።

ወረቀቱን በተመለከተ ሦስት ነገር ልበል። አንደኛ፣ የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ ለሞተር አይሠራም፤ የሞተር ሳይክል ምድብ ለብቻው ተምረው ይውሰዱ። እኔ ሥልጠናውን የጀመርኩት "ባልሽ አይነዳልሽም ወይ?" እየተባልኩ ነበር። ሁለተኛ፣ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 መሠረት የሦስተኛ ወገን መድን ግዴታ ነው። ሦስተኛ፣ በሻሲውና በሞተሩ ላይ የተመታው ቁጥር ከሊብሬው ጋር አንድ መሆኑን በዓይንዎ አይተው ያረጋግጡ። ድንበር አካባቢ ያለ ከተማ ውስጥ ወረቀት የሌለው ርካሽ ሞተር የሚያቀርብ ሰው አይጠፋም። የተረፈው ገንዘብ ሞተሩ የተያዘ ዕለት ከነሞተሩ ይሄዳል።

ልጄን ያስቀረኋት ቀን

ሞተሯ ኅዳር ላይ ገባች። አንድ ወር ተኩል ብቻዬን ተለማመድኩ። ለገና ባለቤቴ ሲመጣ ከአዲስ አበባ ሰው ልኮ ሁለት ሄልሜት አስገዝቶ ይዞ መጣ፤ አንዱ ለእኔ፣ አንዱ ለልጃችን። ልጄ ከደስታዋ ብዛት ሄልሜቱን አድርጋ ቁርስ በላች።

ከዚያ ግቢ ውስጥ ሞተሯን አቁመን ከኋላዬ አስቀመጥናት። ባለቤቴ ዙሪያዋን ሲዞር አየሁት። ሄልሜቱን በሁለት እጁ ይዞ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ሲያዞረው ጭንቅላቷ ባለበት ቀርቶ ሄልሜቱ ብቻ ዞረ። ከተገኘው ሁሉ ትንሹ ነበር፤ ግን የአዋቂ ነው። ከዚያ እግሮቿን አየ። ከመርገጫው አንድ ስንዝር ያህል በላይ ተንጠልጥለዋል። እጆቿ ወገቤን አልዞሩም፤ ጃኬቴን ጨምድዳ ይዛለች።

"ሳይት ላይ ሄልሜቱን በትክክል ያላሰረ ሰው በር አያልፍም" አለ። ሌላ አልጨመረም።

ተናደድኩ። ለእሷ ብዬ ነው እኮ የገዛሁት! ከእናቴ የተኳረፍኩት፣ ቁጠባችንን ያወጣሁት፣ ሥልጠናው ላይ የተሳቀብኝ ለእሷ ስል ነው። "ሰው ሁሉ ልጁን ይጭን የለም ወይ?" አልኩት። እውነት ነው፤ አባት ነድቶ፣ አንድ ልጅ ታንኩ ላይ፣ አንድ ልጅ መሀል፣ እናት ከኋላ ሆነው ሲሄዱ በየቀኑ እናያለን። ባለቤቴ አልተከራከረኝም። ማታ ልጃችን ከተኛች በኋላ ነገሩን ቁጭ ብዬ አሰብኩት።

በዓለም ላይ የተደረጉ ጥናቶችን ሰብስቦ የመረመረ አንድ ግምገማ፣ ሄልሜት የሞተረኛን የሞት አደጋ በ42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን ደግሞ በ69 በመቶ ያህል እንደሚቀንስ ያሳያል። ይህ የሚሆነው ግን ሄልሜቱ ሲበቃና ከአገጭ ሥር ሲታሰር ነው። የሚዞር ሄልሜት ሲወድቁ ቀድሞ ይወልቃል። ታንኩ ላይ የሚቀመጥ ልጅ ደግሞ ግጭት ቢፈጠር በመሪውና በነጂው ክብደት መሀል ይጨፈለቃል። ከኋላ የሚቀመጥ ልጅ እግሩ መርገጫው ካልደረሰ ሞተሩ በተንገጫገጨ ቁጥር የሚይዘው በእጁ ብቻ ነው። የአምስት ዓመት እጅ ደግሞ ይደክመዋል፤ እንቅልፍም ይይዘዋል።

በማግስቱ ከሁለት ጎረቤቶቼ ጋር ተነጋግረን፣ የምናውቀውና ቀስ ብሎ የሚነዳ አንድ ባለ ባጃጅ ለልጆቻችን በወር ኮንትራት ያዝን። ልጄ ሦስት ቀን አለቀሰች። ከዚያ ባጃጁ ውስጥ ከጓደኞቿ ጋር መሄዱን ወደደችው። እኔ በሞተሬ ከኋላ እከተላቸዋለሁ፤ እሷም በመስኮቱ እጇን ታወዛውዝልኛለች።

ታዲያ ሞተሯ ለምን ጠቀመችኝ? ምሳ ሰዓት ቤት ደርሼ ከልጄ ጋር እበላለሁ። ማታ ሳይመሽ እገባለሁ። ልጄ ትኩሳት ይዟታል ተብሎ ከትምህርት ቤት ሲደወልልኝ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አጠገቧ ነኝ። ሐኪም ቤት የምንሄደው በባጃጅ ቢሆንም፣ አጠገቧ ለመድረስ ግን ማንንም አልጠብቅም።

አምና ሐምሌ አንድ ከሰዓት በኋላ ከዝናብ በኋላ ወደ ቤት ስመለስ ያቺ 500 ሜትር ላይ ወደቅሁ። ፍጥነቴ የሰው እርምጃ ያህል ነበር። የፊት ፍሬን ያዝኩ፤ እርጥብ ጭቃ ላይ የማይደረገው እሱ ነው። ሞተሯ በግራ በኩል ተኛች፤ እኔም በጎኔ፣ ሄልሜቴም መሬቱን መታ። ተነስቼ መጀመሪያ ያየሁት ጉልበቴን አልነበረም። ዞሬ የኋላ መቀመጫውን አየሁ። ጭቃ ነክቶታል። ባዶ ነበር።

ሞተሯን ብቻዬን አነሳኋት። የመታውን ሄልሜት በሌላ ቀየርኩት፤ አንዴ የተመታ ሄልሜት ባይሰነጠቅም ሥራውን ጨርሷል። ያን ዕለት ማታ ለእናቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። ስትቆጣ ጠብቄ ነበር። "ልጅቷስ?" አለችኝ። "ባጃጅ ውስጥ ነበረች" አልኳት። "እሰይ" አለች፤ ቆይታም "አንቺስ፣ ጉልበትሽን በሞቀ ውሃ አጠብሽው?"

አሁን ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው። እሁድ እሁድ ሞተሯን ስናጥብ የቆመችው ሞተር ላይ ትወጣና እግሯን ወደ መርገጫው ትዘረጋለች። ገና ነው።

ያገለገለ ሞተር ሲገዙ

• ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ይድረሱ። ሻጩ አሙቆ ከጠበቀዎት በሌላ ቀን ይመለሱ፤ ችግር የሚታየው በመጀመሪያው አነሳስ ነው።

• ከባለ አራት ምት ሞተር ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ሞተሩ ዘይት እየበላ ነው።

• የፊት ሹካው ላይ የዘይት ርጥበት መኖሩን በእጅዎ ይዳስሱ።

• ከኋላ ቆመው ሁለቱ ጎማዎች በአንድ መስመር መሆናቸውን ይዩ፤ ካልሆኑ ሞተሩ ተጋጭቷል።

• ሰንሰለቱ፣ የፊትና የኋላ መብራቱ፣ ፍሬቻውና ክላክሱ ይፈተሹ።

• ካለዎት ገንዘብ ቢያንስ አንድ አምስተኛውን ለሄልሜት፣ ለጓንት፣ ለዝናብ ልብስ፣ ለመድንና ለመጀመሪያው ሰርቪስ ያስቀሩ። ሞተሩ ሁሉንም ገንዘብ ከበላ አቅምዎ ገና አልደረሰም ማለት ነው።